ዜና ዘመቻሁ ለሙደሲር፦ የጥለቱ ፕሮግራም እንደ ምን እንደ ታሸገ

በ2008 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ፋሲካ በተቃረበበት በወርኃ ሚያዝያ፣ እትዬ ሰዓደት በሸማ ተራ ሱቃቸው ጸንተው በነገሡበት፣ መብራትም ሲሻው መጥቶ ሲሻው በሚሄድበት ዘመን፣ ታናሽ ወንድማቸው ሞአ ኪቦርድ ሥዩመ ላፕቶፕ ሙደሲር ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበረ። ሙደሲር ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ለአንድ ቀሚስ ጥለቱ የሚገጥመው ነጠላ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ጽፈው ነበር፤ እርሱም በላፕቶፓቸው ላይ እንደ ውሃ እየሄደ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ አልነሣም ስላለ፣ እንደ ጨርቅ ቦንዳ ታሽጎ መሄድ ነበረበት። እትዬ ሰዓደትም “ነገ ያልቃል” መባል ታክቷቸው በደጃፋቸው ቆመው አወጁ።

“ሙደሲር ወንድሜ፣ ዛሬ ከሰዓት የአስርን ሰላት ሰግጄ ስመለስ ፕሮግራምህ በኔ ኮምፒውተር ላይ ከሠራ፣ ከእንግዲህ ባንኮኒ ቁም የሚልህ የለም፤ ጓዳው የአንተ ነው። ካልሠራ ግን ላፕቶፑን ትዘጋና እንደ ሰው ነጠላ ታጥፋለህ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።”

ሙደሲር ይህን ሰምተው እጅግ ፈሩ። ነጠላ ሲያጥፉ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞላቸው አያውቅምና፣ በደንበኛ ፊት መሳቂያ መሆንን ከምንም በላይ ይጠሉ ነበር።

ተከትለዋቸው የዘመቱትም እሊህ ናቸው፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ፣ አንገቱ በፕላስተር የታሰረ ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ፍላሽ፣ ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ከጋሼ ጓንጉል የተሳበ የመብራት ገመድ፣ ራሳቸውም ጋሼ ጓንጉል፣ ገመዳቸውን ለሰው ጥለው መሄድ አልወደዱምና።

ወእምዝ ሙደሲር ጓዳ ገብተው፣ ማሸጊያ የሚባለው መሣሪያ የሚታዘዝበትን ፋይል ጻፉ፤ የፕሮግራሙን ስም ጻፉ፣ የራሳቸውንም ስም ከነማዕረጉ ጻፉ፣ የእትሙን ቁጥር ግን መሣሪያው ከላፕቶፑ ሰዓት እንዲወስድ አዘዙት፤ ሰዓቱም በፈረንጅ ዘመን ይሄዳልና ቦንዳው 2016 ተብሎ ወጣ። በፍላሽ ይዘውት ከጓዳ እስከ ባንኮኒ በግርማ ተጓዙ። በመርካቶ ሕግ ቦንዳ ሳይፈታ አይረከቡትምና እትዬ ሰዓደት በሱቁ ኮምፒውተር ላይ አስፈትተው አዩት፤ ቀሚሱም ነጠላውም ባዶ ነጭ ሳጥን ነበረ፤ ሙደሲር ሥዕሎቹን አስገባ ብለው ማሸጊያውን አላዘዙትም ነበርና። እኅታቸውም ቦንዳውን ትተው ወደ ደንበኛ ዞሩ፤ ይህም ከስድብ ይልቅ አመማቸው።

ወካዕበ ወደ ጓዳ ተመለሱ፤ ሥዕሎቹን በትእዛዙ ጨመሩ፣ በፈረንጅ ሰዓትም ተቀይመው ቁጥሩን በገዛ እጃቸው፣ በአገራቸው ዘመን፣ 2008 ብለው ጻፉ። አዲሱንም ቦንዳ ከፊተኛው ጋራ በፍላሹ በአንድ ፎልደር አኑረው ወደ ባንኮኒ ወጡና፣ የሱቁን ኮምፒውተር አዲሱን ጫን አሉት። ጫነ፤ ሳጥኖቹም ባዶ ነበሩ። ደግመው አዘዙት፤ አሁንም ባዶ። ፍላሹን ነቅለው እፍ አሉበት፣ ቫይረስ ነው አሉ፣ በመጨረሻም ገመዱን ጠረጠሩ። ጋሼ ጓንጉልም ክብራቸው ተነክቶ “ገመዴን ያማ፣ ይነቀልበታል” ብለው አወጁ።

አዛን ተሰማ፣ እትዬ ሰዓደትም ሊሰግዱ ሄዱ። በዚያች ሰዓት ሙደሲር ተስፋ ቆርጠው ስክሪኑን ሲያዩ “2016 ተጭኗል” የሚል አነበቡ። ኮምፒውተሩ ከሁለት ቦንዳ ቁጥሩ የበለጠውን አዲስ ነው ብሎ ያነሣል፤ እርሳቸው ደግሞ የከሰዓቱን ቦንዳ ከጠዋቱ በስምንት ዓመት አስረጅተውት ኖሯል። ፊታቸው ቀላ። 2016ን አጥፍተው 2008ን ጫኑ፤ ጥለቱም ሁሉ በየቀለሙ ወጣ።

እትዬ ሰዓደት ተመልሰው አንድ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ መረጡ። ኮምፒውተሩም የላይኛውን መደርደሪያ አሳየ፤ ነጠላው በቦታው ተገኘ። ሙደሲርም ከደስታ ብዛት ሊያለቅሱ ደረሱ። እትዬ ሰዓደትም ተራው እየሰማ አወጁ።

“ወንድሜ አላሳፈረኝም። ቃሌን አላጥፍም፤ ጓዳው የአንተ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያለው ባንኮኒው ላይ ነው፣ ከአንተ በቀር የሚያውቀውም የለም። ስለዚህ እርሱ ባለበት ትቆማለህ። እጅህ ሥራ ሲፈታም ያቺን ነጠላ እጠፋት።”

ዝ ውእቱ ዜናሁ ለሙደሲር፣ ሁለት ዘመን በአንድ ፎልደር ያዋጉ፣ የራሳቸውንም ዘመን ያነገሡ፣ ጓዳን ተሸልመው ባንኮኒ የቆሙ። ዝናቸው ከሸማ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ ይሰማ፤ ያቺም ነጠላ ጠርዟ እስከ ዛሬ አልገጠመም።