ክቡር ሐኪመ ግድግዳ

ባንክ ፊት የነሳውን ሰው የሚያበድር አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ወለዱ ያስለቅሳል፣ ፊቱ አይፈታም፣ ስሙ ሲነሳ ሁሉም «እሱን ደግሞ አታንሱብኝ!» ይላል፤ የቸገረው ቀን ግን ስልኩን በቃሉ የማያውቅ የለም። የኛ ሰፈሩን እኔ «ክቡር ሐኪመ ግድግዳ» እላቸዋለሁ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ያጠራቀመችውን ሁሉ አፍስሳ፣ አድሼ እሸጠዋለሁ ብላ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ገዛች። ባንኩ «መጀመሪያ አድሺው፣ ከዚያ እናበድርሻለን» አላት። በምን ታድሰው? በክቡርነታቸው ገንዘብ ነዋ! ቤቱን አስያዘች፣ ፈረመች። ሳይሸጥ የመክፈያው ቀን ከደረሰ ቤቱ የእሳቸው ነው። እናታችን ይህን ስትሰማ «አበድሽ እንዴ!» ብላ ራሷን ያዘች።

ቤቱን ሊያዩ የመጡ የመጀመሪያ ቀን እህቴ ስለ ገቢዋ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሱ። «ስላንቺ አትንገሪኝ የኔ ልጅ፤ እኔ ካንቺ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ?» ከዚያ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው በጣታቸው አንኳኩ። «ሳንባው ደህና ነው» አሉ። መጸዳጃ ቤት ገብተው ውሃውን ለቀቁና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙት።

ገንዘቡን ባንዴ አይሰጡም። አንዱ ሥራ ሲያልቅ መጥተው ያዩና ለሚቀጥለው ይለቃሉ። ሲመጡ ለሳኙ መጸለይ ይጀምራል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ዘመም ያለች የወለል ሰድር አገኙ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ምድጃው ይሸፍናታል» አለ አንጣፊው።

«አንተንስ ከእግዜር ማን ይሸፍንህ?» ኮታቸውን ጥለው ተንበረከኩና ነቅለው ራሳቸው አነጠፏት። ጉልበታቸው እስከ ዛሬ ያማቸዋል።

ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ተመስገን፣ ገዢ መጣ። ሰውየው እየዞረ «ያው ተራ ቤት ነው» ይላል፣ ዋጋ ለማስቀነስ። ክቡርነታቸውም እዚያው ነበሩ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ።

«ተራ? ተራ አንተ! ና፣ ይቺን ሰድር እያት!»

እህቴ «ጋሼ፣ በናትዎ!» እያለች ክንዳቸውን ስትጎትት፣ ገዢው መንገዱን አጋምሷል።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። «ጉድ ሠሩኝ! ይኸው፣ ቤቱም ያጠራቀምኩትም የእርስዎ ሆነ!» እኔም የተመረጠ ስድብ ይዤ ቀረብኩ። ሳያቸው ግን አመድ መስለዋል።

«እኔ ነኝ ያባረርኩት» አሉ። «ቀን ጨምሬልሻለሁ... ያለ ወለድ።» የመጨረሻዋን ቃል ሲያወጡ ጥርሳቸውን የሚነቀሉ ይመስሉ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ቤቱ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ፤ እህቴ ዕዳዋን ከፍላ ተረፋት። ቁልፉን ስናስረክብ ክቡርነታቸውም አብረውን ነበሩ፤ የገዙት ባልና ሚስት አባታችን መሰሏቸውና «እንኳን ደስ ያለዎት» አሏቸው። እሳቸውም አላረሟቸውም። «በሩን በቀስታ ዝጉት እሺ» ብለው ቶሎ ወጡ።

እኔ ሰሞኑን የፈራረሰ ቤት እያፈላለግኩ ነው። እናቴ «አንተ ደግሞ በዚያ ወለድ! ምን አማረህ?» ትላለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ቤት አላማረኝም። ሰውየው ናፍቀውኝ ነው።