ሃቡብ ያጠበው ሳህን

[ኻርቱም፣ ጀሪፍ፣ ከዓባይ ዳር። የአንድ ትንሽ የአየር ጠባይ ምርምር ጣቢያ ጣሪያ። ከተማውን በአፈር የሚቀብረው አውሎ ነፋስ፣ ሃቡብ የሚሉት፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት መጥቶ የጣቢያውን ምሰሶ ጥሎታል፤ መስኮቱንም ሰብሮታል። ጥግ ላይ አንድ የሽቦ አልጋ አለ፤ ከአልጋው ራስጌ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ጣሳ ቆሟል። ጥበቃው ገዛኸኝ ሰፊ የብረት ሳህን ከፍ አድርጎ በፀሐይ ያየዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ምንዳዬ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቆማለች።]

ገዛኸኝ፦ አጥበሽዋል።

ምንዳዬ፦ ሳህን አይደል እንዴ?

ገዛኸኝ፦ ሳህን ነው ያለሽ ማነው?

ምንዳዬ፦ ክብ ነው። ጠርዝ አለው። ቆሽሾ ነበር።

ገዛኸኝ፦ ይሄ የአቧራ መያዣ ነው። እዚህ የተቀመጠው አቧራ እንዲያርፍበት ነው። ዶክቶራ ኢንሷፍ ሰኞ ሰኞ እየመጣች የምትመዝነው ያንን አቧራ ነው።

ምንዳዬ፦ እኔም እኮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው የማጥበው። ሰኞ ስትመጣ ንጹሕ እንድታገኘው።

ገዛኸኝ፦ እሑድ እሑድ? ከመቼ ጀምሮ?

ምንዳዬ፦ ከተቀመጠ ጀምሮ። በሳሙና ግን አይደለም፤ ሳሙና ተወዷል።

ገዛኸኝ፦ [አልጋው ላይ ይቀመጣል] ኸላስ። አለቀልን።

ምንዳዬ፦ ሳሙናው?

ገዛኸኝ፦ ስሚ፣ ዝግ ብዬ ልንገርሽ። መንግሥት በነፋስና በጎርፍ ምርምራቸው ለተበላሸባቸው ሰዎች ድጋፍ ይሰጣል። መልሰው እንዲጀምሩ።

ምንዳዬ፦ ለተበላሸ ነገር ይሰጣሉ?

ገዛኸኝ፦ ይሰጣሉ።

ምንዳዬ፦ የኔን ጉልበትም ቢያዩልኝ።

ገዛኸኝ፦ ያንቺን ጉልበት ነፋስ አልሰበረውም። ዝም ብለሽ ስሚ። ዶክቶራ ድጋፉን ጠይቃለች። ዛሬ ለጅናው፣ ኮሚቴው ማለቴ ነው፣ ጉዳቱን ለማየት ይመጣል። ከፈረመ ጣቢያው ይቀጥላል። ካልፈረመ ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ በሩ ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አንቺም እኔም ለቀን እንወጣለን።

ምንዳዬ፦ ጋሼ፣ እኔ ከሸሸሁበት ከገዳሪፍ ተመልሼ ዕቃዬን ከጆንያ አውጥቼ የጨረስኩት ገና አሁን ነው። እንደገና አላስርም።

ገዛኸኝ፦ እንዳታስሪ ነው የምለፋው። ዶክቶራ ምን ብላ እንደጻፈች ታውቂያለሽ? «ሃቡቡ የሰበሰብኩትን አቧራ ጠርጎ ወሰደው» ብላ።

ምንዳዬ፦ ሃቡብ አቧራ ያመጣል እንጂ ይወስዳል እንዴ?

ገዛኸኝ፦ ለጅናውም የጠየቃት ይህንኑ ነው። ከተማው በሙሉ በአፈር ተቀብሮ፣ የሷ ሳህን ብቻ ለሙሽራ እንደሚቀርብ ሳህን ሲያበራ ምን ትበል?

ምንዳዬ፦ አየህ፣ አንተም ሳህን አልከው።

ገዛኸኝ፦ [ሳህኑን ወደ ጎን አኑሮ] እንግዲህ መልሳችንን እናጥና። እኔ ለጅናው ነኝ። አንቺ አንቺው ነሽ።

ምንዳዬ፦ እሱን እችላለሁ።

ገዛኸኝ፦ [ድምፁን አወፍሮ] አንቺ እናት፣ ሃቡቡ ሲመጣ የት ነበርሽ?

ምንዳዬ፦ አልጋ ሥር።

ገዛኸኝ፦ ጥሩ። ሲያልፍ ወጥተሽ መያዣውን እንዴት ሆኖ አገኘሽው?

ምንዳዬ፦ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ።

ገዛኸኝ፦ ባዶ ነበር በይ።

ምንዳዬ፦ ካጠብኩት በኋላማ ባዶ ነበር።

ገዛኸኝ፦ ከመታጠቡ በፊት።

ምንዳዬ፦ ከመታጠቡ በፊት ባዶ ከነበረ ለምን አጥበዋለሁ? ሞኝ ነኝ?

ገዛኸኝ፦ አንቺ አላጠብሽውም። ነፋሱ ነው የጠረገው።

ምንዳዬ፦ ነፋሱ ጨርቅ ከየት አመጣ?

ገዛኸኝ፦ ምንዳዬ፣ በሚያውቅ ሰውና በማያውቅ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ይሄ ነው። አንቺ ያየሽውን ትናገሪያለሽ። የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገውን ይናገራል።

ምንዳዬ፦ አንተ ተምረሃል እንዴ?

ገዛኸኝ፦ ከተማሩት ጋር ኖሬአለሁ። ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ አስፋልቱ ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ ስሸጥ፣ የማይመጣ ፕሮፌሰር አልነበረም።

ምንዳዬ፦ እኔም ከዓሣ አጥማጅ ጋር ተጎራብቼ ኖሬአለሁ። ዋና ግን አላውቅም።

ገዛኸኝ፦ [ከአልጋው ተነሥቶ] በይ፣ እንቀያየር። አንቺ ለጅናው ሁኚ፤ እኔ እመልሳለሁ። ከኔ ሰምተሽ ትማሪያለሽ።

ምንዳዬ፦ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ገዛኸኝ፦ አፍሽ ላይ የመጣውን። ለጅና እንደዚያው ነው።

ምንዳዬ፦ [ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አልጋው ላይ ትቀመጣለች] ሻይ የለም እንዴ?

ገዛኸኝ፦ ወደ ጉዳዩ ግቢ።

ምንዳዬ፦ አቧራው ከሌለ ይሄ ቤት ምን ያደርግልናል? እንዝጋው።

ገዛኸኝ፦ [ደስ ብሎት] ጎሽ። ልክ እንደዚህ ነው የሚሉት። ክቡርነትዎ፣ አቧራው ቢጠፋም ትልቁ ግኝት በእጃችን ነው። ዝናቡ አለ።

ምንዳዬ፦ የምን ዝናብ?

ገዛኸኝ፦ ያቺን ጣሳ ያዩዋታል? የዝናብ መለኪያ ናት። በዚህ ደረቅ ወር ኻርቱም አንድ ጠብታ ሳያይ፣ እዚህ ጣሪያ ላይ ግን በየምሽቱ ይዘንባል። ዶክቶራ ይህን ጽፋ፣ ናይሮቢ የምሁራን ጉባኤ ድረስ መጥተሽ አስረጂን ተብላለች።

ምንዳዬ፦ ጎረቤትስ ይዘንባል?

ገዛኸኝ፦ ጠብ አይልም። ምስጢሩ እሱ ላይ ነው። የወንዙ እንፋሎት እዚያ ዳር ካለው የጡብ ማቃጠያ ሙቀት ጋር ሲገናኝ፣ ልክ እኛ አናት ላይ ይቀዘቅዛል። ዶክቶራ «እንደዚህ ይመስለኛል» ስትለኝ እኔም «ልክ ነሽ» ብያታለሁ።

ምንዳዬ፦ አንተ ልክ ነሽ አልካት?

ገዛኸኝ፦ አብረን ደረስንበት ማለት ይቻላል።

ምንዳዬ፦ ዝናቡ መቼ ጀመረ?

ገዛኸኝ፦ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው የቆመ ሰሞን።

ምንዳዬ፦ አንተ ይሄን አልጋ ወደዚህ ያወጣኸውስ?

ገዛኸኝ፦ ማራገቢያው የቆመ ሰሞን። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል?

ምንዳዬ፦ ታዲያ በየምሽቱ ሲዘንብብህ አትበሰብስም?

ገዛኸኝ፦ እኔ ስተኛ አቁሟል።

ምንዳዬ፦ ሲዘንብስ አይተኸዋል?

ገዛኸኝ፦ እሱ እንኳ ሁልጊዜ ያመልጠኛል። ማታ ስወጣ ጣሪያው ደርቆ እሳት ሆኖ ነው የማገኘው። ሁለት ባልዲ ውሃ ሳልረጭበት እግር አያስረግጥም።

ምንዳዬ፦ ሁለት ባልዲ።

ገዛኸኝ፦ ጥጋጥጉ ሳይቀር። በተለይ ራስጌዬን። እኔ ሥራ ከያዝኩ...

[ጣሳዋን ያያል። አልጋውን ያያል። እንደገና ጣሳዋን ያያል።]

ምንዳዬ፦ ቀጥል። ለጅናው ይሰማሃል።

ገዛኸኝ፦ ጨዋታው ይብቃ፣ ምንዳዬ።

ምንዳዬ፦ ዶክቶራ ናይሮቢ ሄዳ የምታስረዳው ያንተን ባልዲ ነዋ።

ገዛኸኝ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።

[የገዛኸኝ ስልክ ይጮኻል።]

ገዛኸኝ፦ አይዋ ዶክቶራ፣ አቤት... ተማም... እሺ፣ ተማም... ማደር? እዚህ ጣሪያው ላይ?... ኢንሻላህ። [ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከተዋል።]

ምንዳዬ፦ ምን አለች?

ገዛኸኝ፦ ከለጅናው ጋር መንገድ ላይ ናት። የአቧራውን ነገር ትተውታል። አሁን የሚሉት፣ ዝናቡን በዓይናችን ካላየን አንፈርምም ነው። ዛሬ ማታ እዚህ ሊያድሩ ነው።

ምንዳዬ፦ አልጋ አይበቃም።

ገዛኸኝ፦ ያሳሰበሽ አልጋው ነው? [ዝቅ ባለ ድምፅ] እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ሽቅብ ብረጨውስ? በጨለማ ማን ያየኛል?

ምንዳዬ፦ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። ያንተ ዝናብ ከግቢ ሲመጣ አይጠይቁም?

ገዛኸኝ፦ እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?

ምንዳዬ፦ ምሰሶው ወድቋል?

ገዛኸኝ፦ ወድቋል።

ምንዳዬ፦ መስኮቱስ?

ገዛኸኝ፦ ዱቄት ሆኗል።

ምንዳዬ፦ እሱ የሃቡብ ሥራ ነው። እኔም አንተም አልረዳነውም። እሱን እናሳያቸውና ለእሱ ይፈርሙ። ዶክቶራም ከባዶ ሳህን እንደ አዲስ ትጀምር፤ እኔ እጄን አላሳርፍበትም። ለዝናቡ ብለው ቢፈርሙማ ዕድሜ ልክህን ልታዘንብላቸው ነው። ወገብህ አይችለውም።

ገዛኸኝ፦ ብትነግሪያት ያቺ ልጅ ልቧ ይሰበራል።

ምንዳዬ፦ እሷማ ልጅ ናት። በሰው አገር፣ በስንት አዋቂ ፊት ከምታፍር፣ እዚህ እኔ ፊት ብታለቅስ ይሻላል። እኔ አባብላታለሁ።

[ከታች የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። በር ይንኳኳል።]

ገዛኸኝ፦ መጡ። እባክሽ እህቴ፣ ሁሉንም አንቺ ንገሪያት። አንቺን አትቆጣሽም።

ምንዳዬ፦ የሳህኑን እኔ እነግራታለሁ። ትቆጣኛለች፤ ከዚያ ይበርድላታል።

ገዛኸኝ፦ የዝናቡንስ?

ምንዳዬ፦ [ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ደረጃው እየሄደች] እሱን የሚያውቅ ሰው ያስረዳት።