የዋርሶ ሰው ምን ይባላል?

ደክሟችሁ ሳለ ሰዋስው የሚያስተምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ማሬክ ይባላል፤ ፖላንዳዊ ነው፤ ለንደን ውስጥ ሆሎዌይ ሰፈር አብረን አውቶቡስ እንነዳ ነበር። ሺፍት ጨርሰን ሻይ ስንይዝ ይጀምራል።

«የዋርሶ ወንድ ቫርሻቪያክ ነው፤ ሴቷ ቫርሻቪያንካ። የክራኮቭን ሰው ግን ክራኮቪያክ እንዳትለው፤ እሱ የጭፈራ ስም ነው። ክራኮቪያኒን ነው የሚባለው። እናንተስ የአዲስ አበባን ሰው ምን ትሉታላችሁ?»

«አዲስ አበቤ።»

«ሴቷንስ?»

«እሷም አዲስ አበቤ።»

መርዶ የሰማ መሰለ። «ታዲያ ወንድና ሴቱን በምን ትለያላችሁ?»

«በዓይናችን» አልኩት፣ ጫማዬን እያላላሁ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ። በዚህ ይኮረፋል?

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ የተባለ ጊዜ ሚስቱን ይዞ ዋርሶ ገባ። እፎይ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ሻዬን ብቻዬን ስጠጣ ግን ጸጥታውም አደከመኝ። ደወልኩለት።

«አገርህ ተስማማህ?»

«ጎረቤቶቼ ሎንዲንቺክ ይሉኛል።»

«ምን ማለት ነው?»

«የለንደን ሰው።»

«ተሳስታችኋል በላቸዋ» አልኩት።

«አልተሳሳቱም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሰዋስዉ ልክ ነው።»