ኖር ባዩ ሰጠኝ

በየአገሩ ተቀምጦ መቀመጥ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሰው ሲገባ "ኖር!" ብሎ ብድግ፣ ሰው ሲወጣ ብድግ፣ የገባው ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ብድግ ነው። በሰቆጣ ይህን ማዕረግ የያዘው ማር ነጋዴው ሰጠኝ ነው። ለቄስ ቀርቶ ለቄስ በቅሎም ይነሳል። ሚስቱ ሸጌ እንደምትለው ከሆነ፣ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ለእንግዳ ሲነሳ ውሎ አጠገቧ የተቀመጠው ሲመሽ ነው።

ወገቡን የጎዳውም ይኸው ትሕትናው ነው። ከአበርገሌ ማር ገዝቶ ጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ሰጠኝ "ኖር!" ብሎ ብድግ ሲል መኪናው ተነሳ፤ እሱ መሬት ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ድረስ ተወስዶ አከርካሪው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ሸጌን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ሁለት ወር ብድግ እንዳይል። ከዚያ ወዲያ ግን እያመመውም ቢሆን ይቁም። ካልቆመ እግሩ ይሰንፍና አልጋ ላይ ይቀራል" አላት።

ሐኪሙ ሰቆጣን አያውቃትም። የታመመ ሊጠይቅ የማይመጣ የለም። የመጀመሪያውን ቀን ሸጌ ባሏን ትከሻውን ተጭና ዋለች።

"አንተ ሰው፣ ለሰው ስትነሳ ልትሞት ነው?"

"ታዲያ ሰው ቆሞ እኔ ልተኛ? ነውር አይደለም እንዴ?"

ቢቸግራት የነፍስ አባታቸውን መምሬ አሥራተ ማርያምን አስጠራች። እሳቸውም ገና ከበሩ ሲደርሱ ሊነሳላቸው ሲፍጨረጨር አይተው መስቀላቸውን አወጡና፣ "ብትነሳ ገዝቼሃለሁ" አሉት። ሰጠኝ እንጨት ሆኖ ተኛ። ሸጌም እፎይ አለች።

ሁለቱ ወር አለፈና መምሬ ግዝቱን ፈቱ። ሰጠኝ ግን አልተነሳም። ሕመሙን ፈርቷል እንዳይባል፣ ሊያቆሙት በያዙት ቁጥር፣ "ግዝት እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይመስለኝም፤ ለጥንቃቄ ልሰንብት" ይላል። ለበቅሎ ይነሳ የነበረ ሰው አማቱን ተኝቶ ሰላም አለ። ሌላው ሲስቅ ሸጌ ግን የሐኪሙ ቃል ትዝ አላት።

ማሩን የምትሸጥ እሷ፣ ውሃ የምትቀዳ እሷ፣ እሱን የምታገላብጥና የምታጥብ እሷ። አንድ ቀን ጀሪካን አዝላ ስትመለስ ባንቺ የተባለች ጎረቤቷ እዚያው የሸጌ ደጃፍ ላይ አገኘቻት።

"ምነው ሸጌ፣ እንዲህ ከሳሽ?"

"እኔስ ደህና ነኝ። ብቻ ያ ኖር ማለቱ ናፈቀኝ። ስንት ዓመት ሲያበግነኝ ኖሮ፣ አሁን ጆሮዬ እሱን ይፈልጋል።"

ይህን ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ገባች።

"ኖር!"

ሸጌ ማን ተከትሏት እንደገባ ለማየት ዞር አለች። ከኋላዋ ማንም የለም። ፊቷን ስትመልስ ሰጠኝ ምሰሶውን አቅፎ ቆሟል። ላቡ ይንቆረቆራል። ለሰቆጣ ሕዝብ ሁሉ ሲነሳ የኖረ ሰው፣ ካገባት ጀምሮ ለእሷ ተነስቶ አያውቅም።

"በእግዜር" አለች።

ቀጥሎ "ተቀመጥ" ማለት ወግ ነው። ሰጠኝም ይህንኑ እየጠበቀ ነው።

"ምነው ሸጌ፣ ተቀመጥ አትይኝም?"

"ቆይ እስቲ" አለች፣ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ። "አንዴ ደህና አድርጌ ልይህ።"