አንድ እርምጃ የማያፈገፍጉት ሰው

ቡጢ ሰንዝሮ የማያውቅ ሰው ቦክሰኛን ሲገመግም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይርጋጨፌ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰምቻለሁ። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ኮንጋ ካለ ቡና ማጠቢያ እሸት ቡና ተቀባይ ናቸው፤ የሚቀበሉትም የበሰለውን ቀዩን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በገበሬው ላይ "አረንጓዴ አለበት፣ ይመለስ!" ሲሉ ስለሚውሉ፣ ከሥራ ሲወጡ ቦክሰኛውንም እንደ ቡናው ይለቅማሉ።

አንድ ምሽት አንድ ክንደ ብርቱ ቦክሰኛ የሻምፒዮናውን ቀበቶ በነጥብ ሲወስድ ሁላችንም በቴሌቪዥኑ ፊት አጨበጨብን። እሳቸው ብቻ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ቡጢው ቀይ ነው፤ እግሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ሁለቴ አፈገፈገ!"

"ርቀት መጠበቁ ነው እኮ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ፍርሃት ነው! እኔ ብሆን አንድ እርምጃ አላፈገፍግም።"

ተናግረው ሳይጨርሱ፣ ጠዋት ቡናቸውን የመለሱባቸው አንዲት ገበሬ እናት በሩ ላይ ቆመው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተው "አንተ ታደሰ!" አሉ። ጋሽ ታደሰ ወንበሩን ገልብጠው በጓሮ በር ወጡና እንሰቱ ውስጥ ገቡ።

ለካ እናትየው ያነሱት፣ ጋሽ ታደሰ ማጠቢያው ጋ የረሱትን ጃንጥላ ኖሯል።

ዝናቡ ጀመረ። "ጋሼ፣ እዚያ ምን ይሠራሉ?" ብዬ ተጣራሁ።

"ርቀት እየጠበቅኩ ነው!" አለኝ እንሰቱ።