ማህሌት የተሳለችው ስለት

በእኛ በደብረ ታቦር ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ እንቅልፍ የሚያጣው አባቱ ነው። መሥሪያ ቤት ስትገቡ ከጤና ይስጥልኝ ቀድሞ የሚመጣው «ልጅህ ጎበዞችን መርጦ ለሚወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ትፈተናለች?» የሚለው ነው። አትፈተንም እንዴት ይባላል? የጎረቤት ልጅ ተመርጦ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያይ አባት ካለ እኔ አላውቀውም።

እኔም ልጄን ማህሌትን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ማዘጋጀት ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እራት ላይ ክፍልፋይ፣ ባጃጅ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ጉና ያሉት አያቷ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ዳገቱን እያለከለክን ሳይንስ። አያቷ «ኧረ ይች ልጅ መጀመሪያ እህል ትቅመስ!» ብለው ተቆጡኝ። ድንቹ ቀረበ፤ እኔም ስለ ካርቦሃይድሬት ጠየቅኋት።

ፈተናው ሲቃረብ ባለቤቴ ነገሩን ለእኔ ብቻ መተው አላስተማመናትም መሰለኝ፣ ጣራ ገዳም ሄደን እንሳል አለች። ሄድን። እሷ ልጇ ካለፈች ጥሩ ጃንጥላ ላስገባ ብላ ተሳለች። ማህሌት ግን ከሁላችን ቆየች፤ ግንባሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፋ ስታንሾካሹክ አየኋት። እንዲህ ያለ ዓላማ ያላት ልጅ ማን አለው ብዬ ኮራሁ።

ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ ለጥቂት ሳታልፍ ቀረች። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ፤ ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔም ልጄ እንዳይከፋት ብዬ እንጂ አብሬያት ባለቀስኩ ነበር። ልጅቱ ግን እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች።

ቅዳሜ ገበያ ልወጣ ስል ተከተለችኝና ስለት አለብኝ፣ ጧፍ ግዛልኝ አለችኝ። የምን ስለት፣ አላለፍሽም እኮ አልኳት። አቀርቅራ ነገረችኝ፤ ከእኛ ተለይታ ሩቅ አገር መሄድ ፈርታ፣ እንዳታልፍ ነበር የተሳለችው። አውቃ እንዳልተሳሳተች ማለችልኝ። የምታውቀውን ሁሉ ሠርታ፣ የቀረውን ለታቦቱ ትታለታለች።

ያን ሰሞን ያልጠየቅኋት ነገር አልነበረም፤ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። አሳዘነችኝ። እጇን ይዤ ሱቅ ገባንና ትንሹን ጧፍ ሳነሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ትልቁን ነው የተሳልኩት» አለች። «አንተ እንደዚያ እያስጠናኸኝ፣ በትንሹ የሚሆን አልመሰለኝም።»