ሴት ትሁን ብዬ የጸለይኩበት ምክንያት

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሌላው ሰው ምን እንደሚታየው አላውቅም። ለእኔ የሚታየኝ ሜዳ ነው። ሜዳው ከቤቴ ሩቅ ነው፤ እዚህ ኖርዌይ ከምኖርበት ከሆልምሊያ ሰፈር በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ በአውቶቡስ ይኬዳል። እንዲያም ሆኖ በክረምቱ መሃል ሁለቴ ሦስቴ ሄጄ አየዋለሁ። በረዶ ለብሶ ተኝቷል። "አለህ?" እለውና እመለሳለሁ። ምን ትስቃላችሁ? ዘመድ የታመመበት ሰው ሆስፒታል ሄዶ፣ "ተኝቷል" ሲሉት በር ላይ አይቶት አይመለስም?

የምላችሁ ቤዝቦል ነው። አዎ፣ ቤዝቦል። እግር ኳስ መስሏችሁ ከነበረ ይቅርታ።

እንዴት ገባሽበት ትሉኝ ይሆናል። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የአንድ ሜዳ መልበሻ ክፍሎችን አጸዳ ነበር። ወለሉን ወልውዬ እስኪደርቅ ውጭ ቆሜ አያለሁ። መጀመሪያ ምኑም አልገባኝም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። ከመታት ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ሲመለስ ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል። እኔ ስንት ዓመት በየቀኑ ከሆልምሊያ ተነስቼ፣ ዞሬ ዞሬ ሆልምሊያ ስመለስ ማን አጨበጨበልኝ? ጨዋታውን የዚያኑ ቀን ወደድኩት።

ቡድኔ ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው። ኖርዌጂያን አለ፣ ጃፓን አለ። አሠልጣኙ ራሞን ኩባዊ ነው፤ እንጀራው አውቶቡስ መንዳት ነው። እኔን "አቡኤላ" ይለኛል፣ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። የእሱም የእኔም የኖርዌይ ቋንቋ እኩል የተበላሸ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። ሁሉም የተባረኩ ልጆች ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው። አያሸንፉም።

በየጨዋታው እጸልይላቸዋለሁ። ሻማም አበራለሁ። ሰባት ዓመት ጸለይኩ፣ ሰባት ዓመት መጨረሻ ወጡ። እኔ ግን አልተቀየምኩም፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ሁሉም ቡድን እኩል ነው። ማንም ገና አልተሸነፈም። ለእኔ ከዓመቱ ጨዋታ ሁሉ የምትበልጠው ያቺ የመክፈቻዋ ቀን ናት። ጥቅምት ላይ ኮታቸውን ለብሰው ከተሰነባበቱ ጀምሮ የምጠብቀው እሷን ነው።

ራሞን የሚቀጥለውን ዓመት ሰሌዳ ገና ስንሰነባበት ይሰጠኛል። ፍሪጄ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ አጠገብ እለጥፈዋለሁ። ጎን ለጎን ተሰቅለው ስንት ዓመት ኖሩ። ዘንድሮ ተጣሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላምበርትሴተር ሰፈር የምትኖረው ልጄ ሀና ፀነሰች። የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ይኼ ሁለተኛዋ ነው። አዋላጇ የመውለጃዋን ቀን ነገረቻት፣ እሷም ደውላ ነገረችኝ። "እልል!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ፍሪጁ ፊት ሄጄ ቆምኩ። መቼም ታውቃላችሁ፤ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። እዚህ ደግሞ ሰው ሁሉ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ቀኑ በሳምንቱ መሃል ከዋለ ወደሚቀጥለው እሑድ እንገፋዋለን። በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ወንድ ከሆነ ክርስትናው የሚውለው በመክፈቻው ጨዋታ ዕለት ነው።

ሴት ከሆነችስ? ሴት ከሆነች ገና ብዙ ጊዜ አለ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ሴት አያት የልጅ ልጇን ክርስትና ትታ ኳስ ሜዳ ሄደች ቢባል፣ ከዚያ ወዲያ በየትኛው ዓይኔ ማኅበር እገባለሁ? ስለዚህ ሴት ትሁን ብዬ መጸለይ ጀመርኩ።

ሀናን ጠየቅኳት። "በመሣሪያው ሲያዩሽ ምን አሉሽ?"

"እንዳይነግሩኝ ብያለሁ፣ እማዬ። ስወልድ ባውቀው ይሻላል።"

"ልብስ ልገዛ ነበር እኮ።"

"ነጭ ግዢ።"

ነጭ ገዛሁ። ጭንቀቴ ግን እንዳለ ነው።

በዚህ መሃል የአማቼ የዮናስ እናት ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ ትደውላለች። "የእኔ እህት፣ ዘንድሮ እንኳን ወንድ ይሁንልን፣ አሜን በይ!" ትለኛለች። እኔም "በጤና ያምጣልን" እላለሁ። ይኼ መልስ ምን ዓይነት በረከት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው በሆዱ ምንም ይያዝ፣ "በጤና ያምጣልን" ካለ ማንም አይጠይቀውም።

እንዲያም ሆኖ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናቸው፤ እኔን "እማማ" ይሉኛል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ይኼ ቡድን ያሸንፋል?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አያሸንፍም፣ አባ።"

"አንድም ቀን?"

"አንድ ጊዜ ሌላኛው ቡድን ሳይመጣ ቀርቶ ነበር።"

ጢማቸውን አሻሹ። "ታዲያ እማማ፣ ምን ሊያዩ ነው የሚሄዱት?"

"እነሱን፣ አባ።"

ከዚያ፣ "ወንድ ከሆነ አርባ ይስገዱ። ሴት ከሆነች ሰማንያ" አሉኝ።

ጉልበቴን ታውቁታላችሁ። ከባቡር ስወርድ እንኳ ሁለቴ ነው የሚንቋቋው። ቢሆንም ሰማንያውን መረጥኩ።

ልጅቷ አዋላጇ ባለችው ቀን፣ ጠዋት ተወለደች። ልጅቷ ነው ያልኳችሁ! ዮናስ ከማዋለጃው ክፍል ወጥቶ "ሴት ናት፣ እማማ" ሲለኝ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የእናቱ ነገር ትዝ ብሎት መሰለኝ። እኔ ግን እልልታዬን ለቀቅኩት። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት አይደል ወጉ? ሰባት ሞላሁና ስምንተኛውን ስጀምር አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች። ሰው የታመመ መስሏት ነው። "ሴት ልጅ!" አልኳት በቋንቋዋ። "ያ፣ ያ" አለችና፣ አዎ አዎ ማለቷ ነው፣ ወንበር አመጣችልኝ።

ዮናስ እንባው መጣ። "ሴት ልጅ ስትወለድ እንዲህ የሚደሰት ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ እማማ" አለኝ። ለእናቱም ደውሎ ነገራት። እሷም ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ "አንቺ የሠለጠንሽ ሴት ነሽ፣ እኛ ገና ነን" አለች። "በጤና መጣችልን" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሰማንያውን ስግደት በአራት ቀን፣ የሶፋውን ክንድ እየያዝኩ ጨረስኩ።

ከዚያ የመክፈቻዋ እሑድ መጣች። ቅዳሴው እንዳለቀ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ። ሜዳው ጥግ ላይ የጠቆረ የበረዶ ክምር አለ፤ ሣሩ ግን አረንጓዴ ነው። ራሞን አቅፎ ሳመኝ። ልጆቹ "አቡኤላ! አቡኤላ!" አሉ። ወንበሬን ዘርግቼ፣ እግሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ሲሸነፉ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው እያሰብኩ ነበር።

አሸነፉ።

እንዴት እንዳሸነፉ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልገባኝም። ሁሉም እየተነሳ ይመታል፣ ሁሉም እየሮጠ ይመለሳል። ጃፓኑ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ቤቴ ገብቼ፣ ደስታዬ ሳይበርድልኝ፣ አሁን የሕፃኗን ቀን ልይ ብዬ ፍሪጁ ፊት ቆምኩ። ሰማንያ ቀኗን ቆጠርኩ። እሑዱን አገኘሁት። በራሞን ሰሌዳ ላይ ያንኑ እሑድ ፈለግኩ። ከሰሌዳው ግርጌ ለብቻዋ በተጻፈችው መስመር ላይ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የሚደረገው የዋንጫ ፍጻሜ። ያችን መስመር እስከ ዛሬ አንብቤያት አላውቅም። ለምን ብዬ? እኛን አትመለከትም ነበር።

አሁንም አትመለከተንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሁለተኛውን ጨዋታ አሸነፉ። ሦስተኛውን አሸነፉ። ሀና ደግሞ ድግሱን እያሰፋች ነው፤ የዮናስ እናት ቪዛ አግኝታ ልትመጣ ነው፣ እኔን ያቺን የሠለጠነች ሴት ልታይ። እንግዲህ ምን ይደረግ? በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኔ እንዲሸነፍ መጸለይ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሸነፉና ከዋንጫው ይውጡ፣ እኔም በሰላም ክርስትናዬን ልዋል። ሜዳ ሄጄ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እጸልያለሁ። እነሱ ደግሞ ያሸንፋሉ።

ያለፈው እሑድ ለፍጻሜው አለፉ። ራሞን ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ መጥቶ እጄን ሳመው። "አቡኤላ፣ ስትጸልዪ አይቼሻለሁ! ዘንድሮ ያሸነፍነው ባንቺ ጸሎት ነው!" አለኝ። ራሱን ዳሰስኩት።

እንግዲህ የፊታችን እሑድ ነው። ከክርስትናው አልቀርም። ሀና ሕፃኗን ታቅፈሽ አንቺ ነሽ ወደ መቅደሱ የምትሄጂው ብላኛለች። ንስሐ አባቴም ሰምተዋል፤ "ጸሎቱን በጥሞና ይከታተሉ፣ እማማ" ብለውኛል። እከታተላለሁ። ሕፃኗን ታቅፌ፣ ቄሱ በጸለዩ ቁጥር ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን እላለሁ።

የትኛው አሜን ለማን እንደሆነ ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።